ቃጭል የታሰረበት እጅ

ሠዓሊው ሙራኖ ከሥራ ክፍላቸው ደረጃ ሥር ወድቀው ሲገኙ ሰውነታቸው ቀዝቅዞ ነበር። ፖሊሶቹ አዳልጧቸው ነው ብለው ነገሩን ሊዘጉት ሲሉ፣ ኢንስፔክተር ኦኪሙራ ጠረጴዛው ላይ ያለውን፣ ሙራኖ ይሥሉት የነበረውን የሥዕል ታሪክ የመጨረሻ ገጽ ነካ አደረገችና የጠቆረ ጣቷን አሳየቻቸው። ቀለሙ ገና አልደረቀም። የሞተ ሰው ደግሞ ብዕር አይዝም።

ያን ገጽ የቶኪዮ አንባቢ ሁሉ በጉጉት ይጠብቀው ነበር። በሳምንታዊ መጽሔት የሚወጣው የሥዕል ታሪክ ጀግና ጀንሮ፣ ታናሽ ወንድሙን ጎርፍ ከእጁ የነጠቀው ሰይፈኛ ነው። ሙራኖ በመጨረሻው ምዕራፍ ጀግናው ሲለወጥ አሳያችኋለሁ ብለው ነበር።

የቤቱ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ናቸው። የመጽሔቱ አዘጋጅ ሴኖ መጨረሻው ጀግናዬን ያበላሽብኛል ብሎ ከሙራኖ ጋር መጣላቱን አልደበቀም፤ ግን ምስኪኑ ቀጥ ያለ መስመር እንኳ መሣል አይችልም። ሚስትየዋ ፉሚኮ ከማግባቷ በፊት ሠዓሊ ነበረች። ረዳቱ ታዳሺ ቤትና ወንዝ ይሥላል እንጂ የሰው ሥዕል አይነካም፤ በዚያ ቤት ፊትና እጅ መሣል የመምህሩ የሙራኖ ብቻ ነው።

«የእኔ ድርሻ ውኃው ነው» አለ ታዳሺ፣ ቀና ሳይል።

ኦኪሙራ ገጹን ወደ መስኮቱ አዘንብላ አየችው። በቀለም የተሣለው የጀንሮ እጅ የወንድሙን እጅ ጨብጧል። የእርሳሱ ጭረት ግን ከሥሩ ሌላ ነገር ይናገራል፤ እጁ ክፍት ነው። ጀግናው ወንድሙን ለቅቆታል። በትንሹ እጅ ላይ ደግሞ ቃጭል ያለው ክር ታስሯል፤ በእርሳሱ ጭረትም ሆነ በቀደሙት ቅጾች አንድም ቦታ የለም።

ፉሚኮም ክሩን አታውቀውም። «ባሌ የራሱ ሐዘን አልነበረውም፤ የሰው ሐዘን ይበደር ነበር» አለች፣ የታዳሺን ወንበር እያየች።

ኢንስፔክተሯ ሁሉንም በሥራ ክፍሉ ስትሰበስብ፣ የታዳሺን እናትም ከገጠር አስመጥታ ነበር። አሮጊቷ መጽሔቱን በጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል።

«ይህ የተጨበጠ እጅ የተሣለው ሙራኖ ከሞቱ በኋላ ነው» አለች ኦኪሙራ። «ሴኖ መሣል አይችሉም። ወይዘሮ ፉሚኮ ይችላሉ፤ ክሩን ግን አያውቁትም። የሣለው ሰው ከሐሳቡ አልፈጠረውም፤ ትዝ ያለውን ሣለ። እማማ፣ እርስዎ ያውቁታል?»

አሮጊቷ ገጹን ለረጅም ጊዜ አዩት። «ውኃው ሲመጣ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ለትንሹ ልጄ ያሰርኩለት ነው።»

ታዳሺ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ምስጢሩን ለመምህሩ የነገራቸው አምኗቸው ነበር። «እንዲተውት ለመንኳቸው» አለ። «እናቴ በየሳምንቱ ታነባለች አልኳቸው። ጥፋቱን ያልተናገረ ጀግና ምኑን ተለወጠ አሉኝ። ደረጃው ላይ ገጹን ልነጥቃቸው ስታገል ገፋኋቸው። ከዚያ እስኪነጋ ያን እጅ ስዘጋ አደርኩ።» ወደ እናቱ ዞረ። «ጎርፉ አልነጠቀኝም፣ እማዬ። ከበደኝና ለቀቅኩት።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ጣሪያ ላይ ሆኜ አይቼሃለሁ። ልጅ ነበርክ። ይህን መጽሔት የማነበው አንድ ቀን ትነግረኛለህ ብዬ ነው።»

ታዳሺ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ እናቱም እጁን ያዙ። ፖሊሶቹ ሊወስዱት ሲቀርቡ፣ እጁን እንዲለቁላቸው እናቱን ደጋግመው መለመን ነበረባቸው።