ግድግዳው ላይ ያለችው ቡናማ

ድምፁ እንደገና መጣ። ወፍራም፣ ረጅም፣ ከሆድ የሚወጣ ድምፅ። ዶቃ ከላፕቶፑ ቀና አለች። እሷ እንዲህ ያለ ነገር አልሠራችም።

ዶቃ የሚሏት አጭርና ድብልብል ያለች ስለሆነች ነው። ዘንድሮ ለትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ክበብ አንድ ሥራ አቅርባለች፤ በኖታ ግን አይደለም። ኖታ ማንበብ አትችልም፤ ከክበቡ ልጆችም ግማሾቹ አይችሉም፣ የሚችሉ ይመስላሉ እንጂ። የሠራችው በኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ነጭ ገጽ ላይ ክብ፣ ጭረት፣ ሦስት ማዕዘን፣ የፈለጉትን ይስላሉ። ቅርጾቹ ይሄዳሉ፣ ያብጣሉ፣ ይሟሽሻሉ። ፕሮጀክተሩ ይህን ሁሉ ግድግዳው ላይ ያሳያል። ከዚያ አንዲት ጥቁር መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ትጓዛለች፤ ቅርጽ ስትነካ የቀለሙ ባለቤት ይጫወታል። ቀዩ የጊታሩ፣ ሰማያዊው የኪቦርዱ፣ ቡናማው የሳክስፎኑ ነው። ከፍ ያለ ቅርጽ ቀጭን ድምፅ፣ ዝቅ ያለ ወፍራም ድምፅ። ሕፃንም ይገባዋል።

ለዶቃ ያልገባት ይህ ድምፅ ነው። መስመሯ ጉዞዋን ጨርሳ ከግራ እንደ አዲስ በተነሣች ቁጥር፣ መሃል ላይ ስትደርስ፣ ሳክስፎኑ ያንን ረጅም ድምፅ ያወጣል። ዶቃ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ ተጫዋቾቹ አዙራ ነው የተቀመጠችው። ላፕቶፑን አየች። መሃል ላይ ምንም የለም።

ሳክስፎን ተጫዋቿን ቀና ብላ አየቻት። ቀጭኔ ይሏታል፤ ቁመቷን ያየ ለምን ብሎ አይጠይቅም። ዓይኗን ግድግዳው ላይ ተክላ ትነፋለች።

ሙዚቃው ሲያበቃ የሙዚቃ መምህሩ መብራት ሳያበሩ ከአዳራሹ ኋላ ወደ ዶቃ መጡ።

«ያቺ ከታች የምትመጣዋ» አሉ። «ሌላው ሁሉ ይሯሯጣል፣ እሷ ግን እየተመለሰች ትሰበስበዋለች። ሥራውን ሥራ ያደረገችው እሷ ናት። እንዴት አሰብሻት?»

ዶቃ የራሷ ሥራ እንደሆነ ሁሉ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ራስ መነቅነቅ ምን ይከብዳል? አንገት ካለ ይበቃል።

«በቃ፣ ለከተማው ውድድር ከቀረቡልኝ ሁለት ሥራዎች የሚሄደው ያንቺ ነው። አርብ ስምሽን እልካለሁ።»

ልጆቹ አጨበጨቡላት። ቀጭኔን ያኔ «ምን አይተሽ ነው የነፋሽው?» ብላ ብትጠይቃት ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን አንዴ ነቅንቃለች። የራሷን ሥራ ከሌላ ሰው እንዴት ትጠይቃለች?

ቤቷ ገብታ ፕሮግራሙን ከፈተች። ቅርጾቹን አንድ በአንድ ነካካች፣ አጠፋች፣ መለሰች። ቡናማ የሆኑት አራት ትንንሽ ነጥቦች ብቻ ናቸው፤ አራቱም ገጹ ጫፍ ላይ። እናቷ ከስፌት መኪናዋ ላይ ሆና አየቻት።

«ምን ጠፍቶብሽ ነው እንዲህ የምታፈጪው?»

«ድምፅ።»

«ድምፅ ደግሞ በዓይን መፈለግ ተጀመረ?»

«እማዬ፣ አንቺ በሰፋሽው ቀሚስ ላይ ያልሰፋሽው ኪስ ብታገኚ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እጄን ከትቼ አያለሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?» አለችና መርፌዋ ላይ ክር ማስገባት ቀጠለች።

ዶቃ ፕሮግራሙ ተበላሽቶ ይሆን አለች። ከዚያ ጆሮዬ ይሆን አለች። ከዚያ መምህሩም ሰምተዋል፣ የእሳቸውም ጆሮ ይሆን እንዴ አለች። ከዚህ በላይ ማሰብ አቃታት።

በማግስቱ ከሁሉ ቀድማ አዳራሹ ገባች። መጋረጃው ተከፍቷል፣ ፕሮጀክተሩ ጠፍቷል። የጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን ትወለውላለች። ነጩ ግድግዳ ላይ፣ መሃል፣ ከታች በኩል፣ ክንድ የሚያህል ቡናማ እድፍ ተጋድሟል።

«እትዬ፣ ይቺ መቼ መጣች?»

«ቱቦው የፈነዳ ጊዜ ነዋ። ስንቴ ፈተግኳት፣ ሙጭጭ አለች። ምነው አፈጠጥሽባት፣ ልታገቢያት ነው?»

ዶቃ አልሳቀችም። አዳራሹ ጨልሞ ፕሮጀክተሩ ሲበራ እድፏ ከቅርጾቹ አንዷን ትመስላለች። ቡናማ ናት፣ ረጅም ናት፣ ዝቅ ብላለች። መስመሯ በላይዋ ባለፈች ቁጥር ቀጭኔ የታዘዘችውን አደረገች፤ ነፋች። መምህሩም ኋላ ሆነው ሙዚቃውን ሰሙ እንጂ የቱ ከፕሮጀክተሩ፣ የቱ ከግድግዳው እንደሆነ ማን ይለያል?

የውድድሩ አዳራሽ ግድግዳ ንጹሕ እንደሚሆን አሰበች። ፕሮግራሙ ላይ እንዲህ ያለ ቡናማ ለመሳል አምስት ደቂቃ ይበቃል። ማንም አያውቅም።

ቀጭኔ የሳክስፎን ሳጥኗን አንግታ ገባች።

«ዶቂ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትስቂብኝ።»

«እሺ።»

«እኔ ሁሌ የሚደርሰኝ ትርፍራፊ ነው። ጱ ብዬ ቁጭ፣ ጱ ብዬ ቁጭ። ያቺ ረጅሟ ግን…» ወለሉን አየች። «ሌላው ሲሯሯጥ እሷ ንቅንቅ አትልም። ስነፋት ደስ ይለኛል። ለእኔ ብለሽ ነው አይደል?»

ዶቃ ብትናገር ውድድሩ ሊቀር ነው፤ የዚች ረጅም ልጅ ደስታም አብሮ። ዝም ብትል ደግሞ ያልሠራችው ነገር ስሟን ይዞ ሊሄድ ነው። የቱ ይብሳል? አላወቀችም። «እስቲ ልምምዱ ይጀመር» ብላ ሸሸች።

ልጆቹ ገቡ፣ መምህሩም ገቡ። መጋረጃው ተዘጋ፣ መብራቱ ጠፋ፣ ቅርጾቹ ግድግዳውን ሞሉት።

«ጀምሪ» አሉ መምህሩ።

ዶቃ ጣቷን ቁልፉ ላይ አኖረች፤ አልተጫነችውም። ዞር ብላ ግድግዳውን አየች። ከዚያ ሪሞቱን አንስታ ፕሮጀክተሩን አጠፋችው።

«መብራት ሄደ?» አለ ጊታር የያዘው ልጅ።

«አልሄደም። እኔ ነኝ።»

በጨለማው ወንበር እየገፋች ሄዳ መብራቱን አበራች። ክቦቹም ሦስት ማዕዘኖቹም የሉም። ቡናማዋ ብቻዋን እንደተጋደመች ናት። ቀጭኔ ሳክስፎኑን ከአፏ አወረደች፤ ግድግዳውን አየች፣ ዶቃን አየች፣ ግድግዳውን ደግማ አየች።

«ቲቸር» አለች ዶቃ ወደ እድፏ እየጠቆመች። «አርብ ስም ከመላክዎ በፊት ይቺን ይዩልኝ። እኔ ለቀጭኔ የሠራሁላት አራት ነጥብ ብቻ ነው።»