ሦስተኛው ሚስኮል

የካፒቴን አሥራት አስከሬን ከትንሿ አውሮፕላን ወጥቶ ብርድ ልብስ ሲለብስ፣ ጉሙ ገና ከሸንተረሩ አልተነሣም ነበር። ነሐሴ በቡራዩና በሱሉልታ መካከል ላሉት ጋራዎች ምሕረት የለውም፤ ሰው አሥር እርምጃ ከራቀ ይሰወራል። ኢንስፔክተር ሰብለወርቅ ቦት ጫማዋን ከጭቃው እየነቀለች ስብርባሪውን ሁለት ጊዜ ዞረችውና አፍንጫው ዘንድ ቆመች።

«የፕሮፔለሩ ጫፎች እንዴት እንደተጠማዘዙ አየህ?» አለችው ረዳቷን ኮንስታብል ወንዲን። «ሞተሩ ጠፍቶ ቢሆን እንዲህ አይጠቀለሉም። ሰውየው በሙሉ ጉልበት እየበረረ ነው ከጋራው ጋር የተላተመው።»

«ጋራውን ሳያየው?»

«ጋራ የሌለበት መንገድ ላይ ነኝ ብሎ።»

ከሟች ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ወጣ። እጥፋቱ በውሃ ተጣብቋል፤ ላዩ ላይ ግን በሴት የእጅ ጽሕፈት «ለኩኩዬ» የሚል ይነበባል።

«ውሽማ ሳትኖረው አትቀርም» አለ ወንዲ።

«አንተ ደግሞ ወረቀት ባየህ ቁጥር ውሽማ ነው የሚታይህ» አለችና ቀስ ብሎ እንዲደርቅ በደብተሯ መካከል አስቀመጠችው።

ሱሉልታ ፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ላይ የሟች ታላቅ ወንድም በሪሁን ቆሟል። ሰበታ ላይ እህል ነጋዴ ነው፤ ጋቢ ደርቧል፤ ቀኝ እጁ ግን ከጋቢው ሥር አትወጣም። ዓይኑን ውስጥ ከታሰሩት ሽማግሌ ላይ አልነቀለም።

«ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው» አላት። «ወንድሜ አፈር ሳይለብስ ገዳዩን በሕግ ካላሳያችሁኝ፣ እኔ በማውቀው አሳያችኋለሁ። ሽማግሌው ልጆች አሉት። እኔም ወንድም ነበረኝ።»

ሰብለወርቅ ይህን ዓይነት ንግግር ታውቀዋለች፤ ብዙ ጊዜ ወሬ ሆኖ ይቀራል። የዚህኛው ግን ድምፁ ከፍ እንኳ አላለም፤ ይህ አስፈራት።

የታሰሩት ኦቦ ጋሮማ የሰባ ዓመት ገበሬ ናቸው። ደጃቸው ከሸንተረሩ ፊት ለፊት ስለሆነ፣ ከተፍኪ ሜዳ የሚነሡት ትንንሽ አውሮፕላኖች በእሳቸው ዓይን ነው የሚበሩት። ጠዋት ጠዋት ደጃቸው ላይ ቆመው ሦስት ነገር ያያሉ፤ የትምህርት ቤቱን ቆርቆሮ፣ ከዚያ ወዲያ ዋርካውን፣ ከሁሉም ርቆ ጋራው ጫፍ ላይ ብቻውን የቆመውን ጥድ። ባዩት ልክ ለበረራ ቢሮው ሚስኮል ያደርጋሉ። ሦስት ሚስኮል ከሆነ በጋራዎቹ መካከል ያለው በር ክፍት ነው፣ ሁለት ከሆነ ጠብቁ፣ አንድ ከሆነ ቁርሳችሁን ብሉ ማለት ነው። እንዲህ ሲሠራ አራት ዓመት ሞልቶታል፤ ማንም ተሳስቶ አያውቅም። ዛሬ ግን ቢሮው ሦስት ነው የደረሰኝ በማለቱ ሽማግሌው ታስረዋል።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ ጋሮማ?»

«ናጋ፣ ልጄ። ይኼ ሰላም ከተባለ።»

«ዛሬ ጠዋት ስንት ጊዜ ደወሉ?»

«አንድ! በዋቃ ስም አንድ! ቆርቆሮውንም በመከራ ነው ያየሁት። ኋላ የቢሮዋ ልጅ መልሳ ደወለችልኝ። የሚሸጥ ቅቤ አለ ወይ አለችኝ። አለ፣ ዛሬ ግን ጉም ነው አልኳት። እሺ ብላ ዘጋች።»

«ምስክር አለዎት?»

«ጉሙ ራሱ።»

ጉም ፍርድ ቤት አይቀርብም። የእሳቸውም የቢሮውም ስልክ አሮጌ የቁልፍ ስልክ ነው፤ የአንድን ሰው ስም አንዴ ብቻ ይመዘግባል እንጂ ስንት ጊዜ እንደደወለ አይቆጥርም። የጥሪ ማስረጃ በደብዳቤ ተጠይቆ እስኪመጣ ሳምንት ይፈጃል፤ በሪሁን ደግሞ ሳምንት አልሰጠም። በዚያ ላይ ባለፈው ወር የአሥራት አውሮፕላን ዝቅ ብላ ስታልፍ የሽማግሌው በሬ ደንብሮ ገደል ገብቶ፣ «ደሙን ዋቃ ይጠይቀው!» ብለው ገበያ መሀል ተራግመዋል። የሰማው ሁሉ ዛሬ ይመሰክራል።

«እጅዎ ላይ ያለው ጥቁር ነገር ምንድን ነው?»

ሽማግሌው መዳፋቸውን ጋቢያቸው ሥር ደበቁ። «የእርሻ ሥራ ነው» አሉና ዓይናቸውን ሰበሩ። ዝም አይነቅዝም እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልወጣቸውም።

ቡራዩ ላይ ሁለተኛው አብራሪ ካፒቴን ውብአየሁ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ዝንጅብል ሲጠጣ አገኘችው። የዛሬው በረራ ተራው የእሱ ነበር።

«ትናንት ማታ ትኩሳት ጣለኝና አሥራት ተካኝ» አላት በጎርናና ድምፅ። «የእኔን ሞት ነው የሞተው።»

«ጠላት ነበረው?»

«ከራሱ በቀር? ታኅሣሥ ላይ ሸዋቃ የምትባል የጫካ ተራራ ላይ ማረፊያ ሜዳ ሄዶ አንዲት ነፍሰ ጡር ነርስ ትቶ መጣ። ‹ተሳፋሪ በክብደት ምክንያት ቀርታለች› ብሎ ፈረመ። ደመናው ስድስት ቀን አልተከፈተም። በአራተኛው ቀን እዚያው ሞተች። ተስፋነሽ ነበር ስሟ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም።»

«ዘመድ አላት?»

«አባቷ ሆሳዕና ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ሌላ አላውቅም።»

ተፍኪ ሜዳ ዳር ያለችው የቆርቆሮ ቢሮ ውስጥ ስልኩን የምትቀበለው ኤልሳቤት ዓይኗ አብጦ ተቀምጣለች። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሦስት የጠመኔ መስመር እንደተሰመረ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ልቡ በራራላት ነበር፤ የሰብለወርቅም ትንሽ ራርቷል፤ ዓይኗ ግን ሥራውን አልተወም።

«ሦስት ጊዜ ደወሉ» አለች ልጅቷ። «እኔ ግን እዚህም ጉም ስለነበር አላመንኩም። መልሼ ደወልኩላቸው። ‹ጥዱ እንደ መዳፌ ይታየኛል› አሉኝ። እሱን ነው ለካፒቴን የነገርኩት። አይ ካፒቴን! እንዴት ያለ ሰው ነበር መሰለሽ!»

«ሥራ ከጀመርሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ከጥር ጀምሮ ነው።»

«አሁን ስንት ሰዓት ሆነ?»

ልጅቷ የጃኬቷን ደረት ገለጥ አድርጋ ወደ ታች አየች። «ዘጠኝ ከሩብ።» ሰዓቷ እጇ ላይ ሳይሆን ደረቷ ላይ ተገልብጣ የተሰካች ናት። ሰብለወርቅ አመስግናት ወጣች።

መካኒኩ ዘርሁን በርሜል ላይ ተቀምጦ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። ትናንት ሰኞ ከሟች ጋር ሲጯጯህ ሜዳው ሙሉ ሰምቶታል።

«በምን ተጣላችሁ?»

«የራሳችን ጉዳይ ነው።»

«ሰው ሞቶ የራስ ጉዳይ የለም።»

ዘርሁን ጨርቁን ወረወረው። «ሆሳዕና እንሂድ አለኝ። ለሁለተኛ ጊዜ! አንዲት ኩኩ የምትባል ሰው ፈልግ ተብያለሁ ይላል። መጀመሪያ ስንሄድ የሟቿ አባት ቤት ‹ኩኩ የሚባል ሰው አናውቅም› ብለውናል። ተወው፣ የሞተ ሞቷል አልኩት። ይኼው ነው። ያን ቃሌን ዕድሜ ልኬን ስበላው እኖራለሁ።»

ሰብለወርቅ መኪና ውስጥ ገብታ ደብተሯን ገለጠች። ወረቀቱ ደርቆ እጥፋቱ ተላቅቋል። አንብባ ስትጨርስ ለወንዲ አቀበለችው፤ ወንዲም ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ውሽማ አላነሣም። ከዚያ ከቢሮው ፋይል የኤልሳቤትን የቤት ስልክ አውጥታ ደወለች፤ አንዲት እናት አነሡት።

«ኩኩ አለች?»

«ኩኩ ሥራ ላይ ናት፣ የኔ ልጅ። ማን ልበል?»

ስልኩን ዘጋች። ስምና ደረት ላይ የተሰካች ሰዓት ግን ማንንም ገዳይ አያደርግም፤ ውሸቱ መያዝ አለበት። አመሻሽ ላይ ሰማዩ ጠራ፤ ኦቦ ጋሮማን ይዛ ደጃቸው ድረስ ሄደች።

«ሦስቱን ያሳዩኝ።»

«ያ ቆርቆሮው። ያ ዋርካው።» ጣታቸው ቆመ።

«ጥዱስ?»

ሽማግሌው ባዶውን የጋራ ጫፍ አዩና ደጃቸው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። «ሂንጅሩ… የለም፣ ልጄ። ትናንት ማታ ቆረጥኩት። ቤቴን ምስጥ በላው፤ ጥድ ደግሞ ምስጥ አይበላውም። ክልክል መሆኑን አውቃለሁ። ያስሩኛል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ከጎተራው ጀርባ ገለባ ስትገልጥ ቀይ ልብ ያላቸው ስድስት ምሰሶዎች ተጋድመዋል፤ የሽማግሌውን መዳፍ ያጠቆረው ሙጫቸው ገና ይጣበቃል።

«ስለ እንጨት ብለው አንገትዎን ሊሰጡ!» አለች ሰብለወርቅ፤ ሳቅም እልህም ያዛት።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም ተፍኪ ቢሮ ውስጥ ተሰበሰቡ። ኦቦ ጋሮማ በወንዲ አጠገብ፣ ዘርሁን በሩ ላይ፣ ውብአየሁ ሻርፑን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ ኤልሳቤት ወንበሯ ላይ። በሪሁን ቁጭ በል ቢባል እምቢ ብሎ ቆሟል፤ እጁ አሁንም ከጋቢው ሥር ናት።

«ከአውሮፕላኑ ልጀምር» አለች ሰብለወርቅ። «ሞተሩ እስከ መጨረሻው ሠርቷል። ስለዚህ ዘርሁን ነፃ ነው። ካፒቴን ውብአየሁ ያን ዕለት ይህን ስልክ አልነካም፤ ትኩሳቱንም የቡራዩ ሐኪም መስክሯል። የቀረው አንድ ጥያቄ ነው። ሦስት ሚስኮል ነበር ወይስ አንድ?»

«ሦስት!» አለች ኤልሳቤት። «ጥዱ ይታየኛል ብለውኛል፣ ነገርኩሽ እኮ!»

«ነገርሽኝ። ያ ነው የያዘሽ። ሰኞ ማታ ያ ጥድ ተቆርጧል። አውሮፕላኑ በወደቀበት ማክሰኞ ጠዋት በኦቦ ጋሮማ ጎተራ ጀርባ ምሰሶ ሆኖ ተጋድሞ ነበር። ሰማዩ እንደ መስታወት ጠርቶ ቢሆን እንኳ እኚህ ሰው ከሁለት በላይ መደወል አይችሉም ነበር። ጋራው ላይ የሌለ ዛፍ ታየኝ የሚል፣ መቆረጡን የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። እሳቸው ያውቃሉ። አንቺ አታውቂም።»

ኤልሳቤት ከንፈሯን ነከሰች።

«መልሰሽ የደወልሽው ስለ ቅቤ ለመጠየቅ ነው፤ ስልኩ ላይ የጥሪ ማስረጃ እንዲቀር። ጉም ነው ሲሉሽ እሺ ብለሽ ዘጋሽ፤ ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር ጨመርሽ። ለምን? ደረትሽ ላይ ያለችው የነርስ ሰዓት ትናገራለች። ነርሶች ናቸው ሰዓት ገልብጠው የሚሰኩት። የእህትሽ የተስፋነሽ ሰዓት ናት። በአባት ስም አትገናኙም፤ በእናት ነው የምትገናኙት። ለዚህ ነው ማንም ያላወቀሽ።»

ልጅቷ ደረቷ ላይ ያለችውን ሰዓት ጨበጠች። ስትናገር ድምፅዋ የለቅሶ አልነበረም።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም!» አለች። «በክብደት ምክንያት ቀርታለች ብሎ ፈረመ! እህቴን እንደ ጤፍ መዘናት! ሰባት ወር ሙሉ ሻይ ቀዳሁለት፤ ሰባት ወር ሙሉ ‹ደኅና ግባ› አልኩት። እሷ ደመና እያየች ነው የሞተችው፤ እሱም ደመና ውስጥ ይሙት አልኩ። አልጸጸትም!»

በሪሁን አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ። ወንዲ ተነሣ። ሰብለወርቅ በሁለቱ መካከል ገብታ ወረቀቱን ለኤልሳቤት ዘረጋችላት።

«ይህ ከኪሱ ነው የወጣው። ስምንት ወር ተሸክሞታል። ላንቺ ነው የተጻፈው፤ አንብቢው።»

ኤልሳቤት የእጅ ጽሕፈቱን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ከፍ አድርጋ ማንበብ የጀመረችው ሳታውቀው ነው።

«ኩኩዬ፤ ቦታዬን ሁለት ቀን ምጥ ላይ ለቆየች ልጅ ለቅቄያለሁ። ሁለታችንን አውሮፕላኑ አይችልም። ካፒቴኑ እምቢ ብሎኝ ነበር፤ እግሩ ላይ ወድቄ ነው ያሳመንኩት። ነገ ይመለስልኛል። እንዳትቆጪው። እማዬን አደራ…»

ድምፅዋ እዚያ ላይ ተቆረጠ።

«ተመልሶላታል» አለ ዘርሁን ከበሩ። «ያንኑ ቀን ማታ፣ በማግስቱ፣ በሦስተኛውም ቀን። ፈቃድ ሳይኖረው፣ ለማንም ሳይናገር። ደመናው ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ክንፉ ላይ የዛፍ ቅጠል ተሰክቶ አይቻለሁ። አራተኛውን እኔ ነዳጅ ከልክዬው ነው የቀረው። ከዚያ ወዲህ ‹ኩኩን አግኝቼ ወረቀቱን ሳልሰጥ አላርፍም› ነበር ወሬው ሁሉ። አጠገቡ ተቀምጠሽ ነበርኮ፣ ኤልሳ! የቤት ስምሽን ብትነግሪው ያን ቀን ነበር የሚሰጥሽ።»

ኤልሳቤት ከወንበሯ ወርዳ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፤ ወረቀቱን እንደገና ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመረች፣ ጨረሰችና እንደገና። ኦቦ ጋሮማ «ያ ዋቃ!» ብለው ፊታቸውን ሸፈኑ።

የሁሉም ዓይን በሪሁን ላይ ነበር። ሰብለወርቅም ቦታዋን አለቀቀችም። ሰውየው ከጋቢው ሥር እጁን ቀስ ብሎ አወጣ፤ ባዶ ነበረች። በዚያች ባዶ እጁ ፊቱን ጠረገ።

«ወንድሜ ፈልጎ ያጣት ይህች ናት?» አለ።

«ይህች ናት» አለች ሰብለወርቅ።

ልጅቷን ቁልቁል አያት። ከንፈሮቿ አሁንም ‹እንዳትቆጪው› የሚለው ላይ ይንቀሳቀሳሉ።

«በሉ ውሰዷት» አለ በሪሁን። «ከዚህ በላይ እኔ ምን እጨምርባታለሁ?»

ከዚያ ጋቢውን አስተካክሎ ወንድሙን ሊቀብር ወጣ።