ምራቋን የዋጠች ባለሙያ

«እዚህ ቤት ያላችሁ ሁሉ ስሙ» አለች የልጅቷ አክስት ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ እንደሚያነብ ሰው። «ክሬም ልቀባ ነው።»

ከእሷ ሌላ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንደኛው የአክስቷ ባል ነው። የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ቅዳሜን የሚያውቃት በእንቅልፍ ነው፤ ሶፋው ላይ እንደተጋደመ አንድ ዓይኑን ገልጦ መልሶ ከደነው። ሁለተኛዋ ራሷ ልጅቷ ናት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ሽርጥ አስራ ይህንኑ አዋጅ ስትጠብቅ ነበር።

አክስቷን ሰፈሩም ስልኩም የሚያውቃት «ወርቅ እጅ» በሚለው ስም ነው። ኬክ ስትሠራ የምትለቃቸውን ቪዲዮዎች ልጅቷ በቃሏ ትወጣቸዋለች። በተለይ አንድ ነገር ከዓይኗ አይጠፋም፦ ወርቅ እጅ ክሬም ስትቀባ አጠገቧ ሁልጊዜ አንድ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ አለ። ጠፍጣፋውን ቢላዋ ውሃው ውስጥ ነከር፣ በንጹህ ጨርቅ ጠረግ፣ ክሬሙ ላይ ሸርተት ታደርገዋለች። ክሬሙ እንደ መስታወት ይለሰልሳል። ልጅቷ «ስታድጊ ምን ትሆኛለሽ?» ስትባል ዶክተር ማለቷን ትታ ኬክ ሠሪ ማለት የጀመረችው በዚያ ብርጭቆ ምክንያት ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አክስቷ ዘንድ ሙያውን እንድትማር እናቷን ለምና ለምና፣ በመጨረሻ «ልደቴ ላይ አክስትሽ ራሷ ትነግርሻለች» ተብላለች። ልደቱ ዛሬ ነው። ኬኩም ለእናቷ ነው።

ወጥ ቤት ስትገባ ብርጭቆው በቦታው ነበር። ጠጋ ብላ አየችው። ውሃው ቀዝቅዟል። ላዩ ላይ ስስ የቅባት ቆዳ ይዟል፤ ቆዳው ላይ አንዲት ዝንብ እግሮቿን ወደ ላይ ሰቅላ ተንሳፍፋለች።

«አክስቴ፣ ውሃውን ልቀይረው?»

«የቱን ውሃ?»

«የብርጭቆውን።»

«እሱ የካሜራ ነው» አለች አክስቷ። «ዛሬ ቀረጻ የለም።»

መቀባት ጀመረች። እጇ የእውነት ወርቅ ነው፤ ቢላዋው በዞረ ቁጥር ክሬሙ ታዝዞ ይተኛል። ልጅቷ ዝንቧን ልትረሳት ምንም አልቀራት። ኬኩ ግን ባለ አራት ማዕዘን ነበር፤ ማዕዘን ደግሞ አስቸጋሪ ነው። የመጀመሪያው ማዕዘን ላይ ክሬሙ ሰንጠቅ አለ። አክስቷ አመልካች ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች፣ መጠጥ አደረገችው፣ አወጣችው፣ ስንጥቁን አሸችበት። ስንጥቁ ጠፋ።

ረስታ ነው፣ አለች ልጅቷ በልቧ። ሰው ይረሳል። አክስቷ ሁለተኛው ማዕዘን ላይም ረሳች። ሦስተኛው ላይ ጣቷ አፏ ውስጥ እንዳለ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። አራተኛው ላይ ልጅቷ ጉዳዩ የመርሳት እንዳልሆነ ገባት። ከዚያ ከክሬም የተሠራችው ጽጌረዳ ወለል ላይ ወደቀች። አክስቷ አነሳቻት፣ እፍ አለችባት፣ ኬኩ መሃል ላይ አስቀመጠቻት። ጽጌረዳዋ ላይ የቀረችውን አንዲት አጭር ፀጉር በሁለት ጥፍሮቿ ነቅላ ሽርጧ ላይ ጠረገች።

የልጅቷ አፍ በምራቅ ሞላ። ሲርብ የሚመጣው ምራቅ አይደለም፤ ያኛው ነው፣ ከማስመለስ በፊት የሚመጣው።

«ምን ሆንሽ? ሎሚ የላሰ ሰው መሰልሽ።»

«ጣትሽ...»

«ጣቴ ምን ሆነ?»

«ምራቅ ነካው።»

አክስቷ ጣቷን አዲስ ዕቃ እንደሚመርጥ ሰው ገልበጥ አድርጋ አየችው። «የኔ ቆንጆ፣ እኔና እናትሽ በአንድ ማንኪያ ነው ያደግነው።»

«ለደንበኞችስ?»

አክስቷ ፍሪጁን ከፈተች። ውስጡ ለነገ የታዘዘ፣ ገና ክሬም ያልነካው ኬክ ነበር። አጠገቡ ያለቀውን ኬክ አስገብታ ዘጋችው። «ግብዣው ሲያልቅ ያኛውን አብረን እንቀባዋለን። እስከዚያ ግን ሙያ በልብ ነው» ብላ ጣቷን ከንፈሯ ላይ በማድረግ የዝምታ ምልክት አሳየቻት። ያችኑ ጣት።

ከሰዓት በኋላ እናቷ፣ አባቷና ታላቅ ወንድሟ መጡ። ሻማ ጠፋ፣ ተጨበጨበ፣ ኬኩ ተቆረጠ። ሳሎኑ ውስጥ ማንኪያ ከሰሃን ጋር ሲነካካ ብቻ ይሰማ ነበር።

«እጅሽ ይባረክ» አለች እናቷ።

«ይሄማ እጅ ያስቆረጥማል» አለ አባቷ። ልጅቷ የማንን እጅ እንደሆነ ላለማሰብ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች።

ሁሉም ሲጨርስ ሰሃኑን በሶፍት ሸፈነና ፊቱ አስቀመጠ። ጨዋ ቤተሰብ ነው፤ ፍርፋሪ አያሳይም። ያልተነካው የልጅቷ ሰሃን ብቻ ነበር። የደረሳት የማዕዘኑ ቁራጭ ነው።

«ምነው እንደ ሒሳብ ፈተና አፈጠጥሽበት?» አለ ወንድሟ። «ኬክ ሠሪ ልሆን ነው ስትይ አልነበር እንዴ?»

«ሆዴን አሞኛል።»

«ደስታ ነው» አለ አባቷ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ንግግር ሊያደርግ መሆኑ ነው። «ልጄ፣ ሙያ ከማንም አይቀሰምም። ምራቁን ከዋጠ ሰው ነው። አክስትሽን እያት፤ ምራቋን የዋጠች ባለሙያ ማለት እሷ ናት።»

አልዋጠችውም የሚል ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። አሳለችና መለሰችው።

አክስቷ ተነሳች። «እንግዲህ በሁላችሁ ፊት ልናገር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይህቺ ልጅ የኔ ናት። የማውቀውን ሁሉ አሳያታለሁ።» ወደ ልጅቷ ዞረች። «እሺ ትያለሽ?»

ሁሉም ያያታል። እሺ ካለች ያቺን ጣት ነው የምትማረው። እምቢ ካለች ለምን ይሏታል፤ ለምን ሲሏት ደግሞ መልሱ በእናቷ ልደት ላይ የሚነገር አይደለም። ከዚህም በላይ ኬክ መሥራት እንደ ትናንቱ ትወዳለች፤ እሱ ነው ይበልጥ ያናደዳት።

«ሞቆኛል» አለች።

«እውነቷን ነው፣ ይሞቃል» አለች አክስቷ፤ ጥግ ላይ የቆመውን ቬንቲሌተር ሄዳ አበራችውና ተመልሳ ተቀመጠች።

ቬንቲሌተሩ አንገቱን ቀስ እያለ አዞረ። መጀመሪያ የእናቷ ሰሃን ላይ ያለው ሶፍት ተነሳና ወለል ላይ አረፈ። ዳቦው ተበልቷል። ክሬሙ በሙሉ እንደ ቆዳ ተገፎ ዳር ላይ ተቀምጧል፣ ልስላሴው ሳይጎድል። ቀጥሎ የአባቷ። ቀጥሎ የወንድሟ፤ እሱ ክሬሙን በማንኪያ ጠቅልሎታል። ሾፌሩ ነገሩ ገብቶት የራሱን ሰሃን ሶፍት በመዳፉ ሊይዝ ሞከረ፤ ዘግይቷል።

ቬንቲሌተሩ ዞሮ ዞሮ አክስቷ ጋ ደረሰ። ሶፍቷ ለጥቂት ተንቀጠቀጠና በረረ። ክሬሙ እዚያም ነበር፤ ጽጌረዳዋም ጭምር።

ቬንቲሌተሩ ተመልሶ መጣ፤ የሚገልጠው ነገር አልነበረውም።

ልጅቷ ተነስታ ወጥ ቤት ገባች። የብርጭቆውን ውሃ ከነዝንቧ ደፋችው። ብርጭቆውን በሳሙና አጠበችው፤ ደግማ አጠበችው። እጇንም አጠበች። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን ሞልታ ምድጃው ላይ ጣደችና የነገውን ኬክ ከፍሪጅ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ከሳሎን የአክስቷ ድምፅ ዝቅ ብሎ ተሰማ።

«በደንብ ይፍላ።»