የመብራት ቤቱ መጨረሻ

«ዓይንህን ጨፍን!» አለ ጉንጬ፣ አፉ በብስኩት እንደተሞላ። «ሳይጨፈን የተሰጠ ምስክርነት አይቆጠርም።»

ላግ ዓይኑን ጨፈነ። ሚስማር ክንዷን አጣምራ፣ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። አሁን ከአፉ የሚወጣው ነገር የዓመቱን ምርጥ ጌም ይወስናል።

አራት ናቸው። ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር፣ እነሆ ለሦስተኛ ዓመት፣ ጋሽ ጠጋኙ ከሚባሉ የኮምፒውተር ጠጋኝ ሱቅ ጓሮ ባለችው ጠባብ ክፍል ይሰበሰባሉ። ዓመቱን ሙሉም የሚከራከሩት እዚያው ነው፤ በዚህ ቀን ግን ቀኑን ሙሉ ይከራከሩና የዓመቱን አሸናፊ ከአንድ የሞተ ኮምፒውተር በተነቀለ የብረት ክዳን ላይ በማርከር ጽፈው ይፈርሙበታል። ሕጋቸው አንድ ነው፦ ያልጨረስከውን ጌም አትመርጥም። መጨረስህን የምታስመሰክረው ደግሞ ዓይንህን ጨፍነህ፣ የጌሙን የመጨረሻ ደቂቃ እንዳየሃት በመናገር ነው። ለጌሞቹም ቢሆን የራሳቸውን ስም ያወጡላቸዋል፤ ለሰውማ አይቅር። ጉንጬ ስሙን ያገኘው ከጉንጩ ነው። ዶክተር በሽተኛ አክሞ አያውቅም፤ የኮምፒውተር ፍጥነት ሲለካ የሚውል መነጽራም ነው። ሚስማር ቀጭን ናት፣ አንዴ ከያዘችው ሐሳብ ደግሞ ንቅንቅ አትልም። ላግ የተባለው ነገር ጠይቀኸው መልሱ እስኪመጣ፣ ኢንተርኔቱ እንደያዘው ጌም፣ ሁለት ሦስት ሰከንድ ስለሚፈጅበት ነው።

ዘንድሮ ለሁለት ተከፍለዋል። ሚስማርና ዶክተር «ብረት ዝናብ» ይላሉ፤ አራት ሰው አንድ ታንክ ውስጥ ገብቶ የሚዋጋበት ጌም ነው። ላግና ጉንጬ «መብራት ቤቱ» ይላሉ፤ እሱ ደግሞ ብቻን የሚጫወቱት፣ ባሕር መሀል ባለ ድንጋይ ላይ የመርከቦችን መብራት ስለሚጠብቅ ሽማግሌ ነው።

«ሽማግሌ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ማየት ጌም ነው እንዴ?» ብሎ ነበር ዶክተር ጠዋት። «እሱንማ አያቴ ቤት ሄጄ በነፃ አያለሁ።»

«አንተ ደግሞ ካልፈነዳ ጌም አይመስልህም» አለው ጉንጬ። «ፋራ!»

ሚስማር ለብረት ዝናብ የምትሟገተው ስለወደደችው ብቻ አልነበረም። ታንኩ አራት ወንበር አለው። አራተኛው የላግ ነበር። ሰባት ወር ሙሉ ግን ባዶ ነው፤ በእሱ ፈንታ ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያንቀሳቅሰው፣ ግድግዳ ላይ የሚተኩስ ደንቆሮ ወታደር ተቀምጦበታል። «የት ጠፋህ?» ስትለው «አለሁ፣ ስሜን ደብቄ ነው የምጫወተው» ይላታል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራው የተማረች ልጅ «ደብቄ» የሚለውን ቃል በአንድ መንገድ ብቻ ነው የተረዳችው፦ ሰልችቼዋለሁ።

«ሽማግሌው የመጨረሻውን ዘይት ያፈሳል» አለ ላግ፣ ቀስ ብሎ። «ማዕበሉ መስኮቱን ይመታል። መብራቱን… በየሰዓቱ በእጁ ማዞር አለበት፤ ካላዞረው ይበላሻል። ዓመት ሙሉ ሲያዞር ኖሯል። ተኝቶ አያውቅም። ግን አንድም መርከብ አላለፈም። ከዚያ ወንበሩ ላይ ይቀመጥና እጁን ያያል። መብራቱን ራሱ ያጠፋዋል። ደክሞት አይደለም። ማንም እንደማይመጣ ስለገባው ነው። ከዚያ ስክሪኑ ይጨልማል። ትንፋሹ ብቻ ይሰማል፣ ይሰማል… ያበቃል።»

ጉንጬ ማኘኩን ትቶ ነበር። ዶክተር መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ።

«አቦ፣ በቃ» አለ። «ድምፄን ቀይሬያለሁ። መብራት ቤቱ ይሁን።»

ሦስት ለአንድ። ሚስማር ጆሮዋ ሲግል ተሰማት።

«መቼ ነው የጨረስከው?» አለችው።

አንድ ሰከንድ። ሁለት። ሦስት። «ባለፈው ሳምንት።» ዓይኑን ገና አልገለጠም።

«እኔም የጨረስኩት ባለፈው ሳምንት ነው። ለክርክሩ ብዬ።» ከሳጥኑ ተነሣች። «መጨረሻው ተቀይሯል እኮ። ከአራት ወር በፊት አፕዴት መጣ። መብራቱን አጥፍቶ ሲቀመጥ፣ ከታች ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ይሰማል። አሁን የሚያልቀው በኮቴው ነው።»

«ኧረ እኔ ኮቴ የሚባል አልሰማሁም» አለ ጉንጬ።

«አንተ በወጣ በሳምንቱ ነው የጨረስከው፤ ያኔ አልነበረም። እሱ ግን ባለፈው ሳምንት ነው የሚለው። አፕዴቱን ሳትጭን ደግሞ ጌሙ አይከፈትም።»

ሚስማር እዚህ ላይ ማቆም ትችል ነበር። በኋላ፣ ብቻዋን ስትሆን፣ ደጋግማ የምትመለሰው ወደዚች ቅጽበት ነው፦ እዚህ ላይ ማቆም ትችል ነበር።

«ቪዲዮ ነው ያየኸው» አለች። «ያውም አሮጌ ቪዲዮ። ዘንድሮ ስንት ጌም ጨረስክ? ንገረን እስኪ። አንድም? ዓመት ሙሉ ስንከራከር የከረምነው ታዲያ ከማን ጋር ነው?»

ጉንጬ በሳቅ ፈነዳ። «ሸወደን እኮ! አንድም ጌም ሳይነካ ምስክር ሆኖ ቁጭ!»

«ከዛሬ ጀምሮ ስሙ ተመልካች ነው» አለ ዶክተር። «ድምፄን መልሱልኝ!»

ላግ ዓይኑን ገለጠ። እሱም ሳቀ፤ ፎቶ አንሺ «ሳቅ በል» ሲለው ሰው የሚስቀውን ዓይነት ሳቅ። «ልክ ነሽ» አላት። ካወቁት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መልሱ አልዘገየም። ቦርሳውን አንሥቶ፣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ወጣ።

ዶክተር ማርከሩን አቀበላት። «በይ ጻፊ፤ ቀንቶሻል።»

ብረቱ ላይ «ብረት» የሚለውን ጽፋ ሳትጨርስ ጋሽ ጠጋኙ ካቻቪቴ እንደያዙ ብቅ አሉ። «ያ ልጅ ምን ሆኖ ነው? ሰላም ብለው አልሰማኝም።»

ጉንጬ እየሳቀ ነገራቸው። ሰውየው አልሳቁም። ካቻቪቴውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ ልክ የራሳቸው ጥፋት እንደሆነ ሁሉ፣ አንገታቸውን አከኩ።

«ኮምፒውተሩን የፈታሁለት እኔ ነኝ» አሉ። «ከሰባት ወር በፊት። አባቱ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ ወደቁ። እግርም እጅም የለ፤ አፍም የለ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ አልጋው እንዲገባ ጠረጴዛው መውጣት ነበረበት።»

«አባቱ አውቶቡስ መስመር ተቀይሮላቸው ሩቅ ነው የሚነዱት» አለች ሚስማር። ላግ እንደዚያ ነበር ያላት። ስትናገረው ግን ድምፅዋ አላመናትም።

«‹እንዳይነግሯቸው› አለኝ። ‹እዚያ ስንከራከር ቤቱን እረሳዋለሁ› አለኝ። እኔስ ምን ልበል?» ካቻቪቴያቸውን አንሥተው ወጡ።

«እኛ በምን እናውቃለን?» አለ ጉንጬ። ብስኩቱን ወደ ላስቲኩ መለሰ።

*

ሕንጻው አራት ፎቅ ነው። ላግ የሚኖረው መጨረሻው ላይ ነው። ሚስማር በሩን ስታንኳኳ ትንፋሿ ተቆራርጧል።

«ክፍት ነው ጋሼ፣ ቶሎ ይግቡ!» አለ ድምፁ ከውስጥ።

ገባች። በፊት ጠረጴዛው በነበረበት ቦታ አልጋ አለ። ላግ በአንድ ጉልበቱ ፍራሹ ላይ ወጥቶ፣ አባቱን በትከሻቸው ይዞ ግማሽ ድረስ አዙሯቸዋል። አውቶቡስ ነጂው ያኔ እሷንና ላግን በሁለት ክንዳቸው ማንጠልጠል የሚችሉ ሰው ነበሩ፤ አሁንም ከባድ ናቸው። ላግ ቀና ብሎ አያት። የጠበቀው የጎረቤቱን አናጺ ነበር።

«ውጪ» አላት።

አልወጣችም። የአባቱ ትከሻ ከእጁ ሲንሸራተት አየች። እሱም ተሰማው። ጥርሱን ነክሶ ጥቂት ታገለና ተሸነፈ።

«እጅሽን ታጠቢ» አለ። «ከዚያ ዳሌው ጋ ያዢ። ልብሱን አይደለም፤ ከስር ያለውን አንሶላ። በሦስት።»

ቆጠረ፣ አዞሯቸው። በጉልበታቸው መሀል ትራስ እንድታስገባ፣ ተረከዛቸው ፍራሹን እንዳይነካ፣ አንሶላው አንዲት መጨማደድ እንዳይቀረው ነገራት። «መጨማደዱ ነው የሚያቆስለው» አለ። ጀርባቸው ላይ መዳፍ የሚያክል ፋሻ አየች፤ ቶሎ ዓይኗን አነሣች። ከአልጋው ስር ኮምፒውተሩ በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ኪቦርዱ ላዩ ላይ ታስሯል።

«አባባ፣ ሚስማር ነኝ» አለች ጎንበስ ብላ።

ያኔ ከሥራ ሲገቡ ኮፍያቸውን ሳያወልቁ «እህስ፣ ዛሬ ማንን አሸነፋችሁ?» ነበር የሚሏቸው። አሁን ዓይናቸው ፊቷን አልፎ መስኮቱ ላይ አረፈ፤ እዚያው ቀረ።

«ይሰማቸዋል?»

«አናውቅም።»

«ይድናሉ?»

ጠበቀች። ሁለት ሰከንድ፣ ሦስት፣ አሥር። ላግ አንሶላውን መወጠሩን ቀጠለ። ይህ የዘገየ መልስ እንዳልሆነ የገባት ቆይቶ ነው።

«ይቅርታ አድርግልኝ» አለች። «አላወቅኩም ነበር። የተውከኝ መስሎኝ… ለነጉንጬም እነግራቸዋለሁ። ነገ ና፣ እንደገና እንመርጣለን።»

«አልመጣም።»

«ስለሳቁብህ ነው? ይቅርታ ይጠይቁሃል፣ አስጠይቃቸዋለሁ።»

«እሱማ ነው የባሰው።» ወደ በሩ አስቀደማት፤ ድምፁ አባቱ ጋ እንዳይደርስ ዝቅ አለ። «‹አባትህ እንዴት ነው› የማልባልበት አንድ ቦታ ነበረኝ፣ ሚስማር። አንድ። ዶክተር ‹አንተ ቀሽም› ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር። በየሁለት ሰዓቱ አዞረዋለሁ፤ በመሀል ስልኬ ላይ ቪዲዮ አያለሁ፣ እናንተ ጋ የማወራው እንዲኖረኝ። አሁን እዚያም ስገባ ታዝኑልኛላችሁ። ጉንጬ ብስኩቱን ይሰጠኛል።»

እውነቱን ነበር። ጉንጬ ብስኩቱን ይሰጠዋል፤ ዶክተርም ክርክሩን እያወቀ ይሸነፍለታል። የተናገረችውን ቃል አንድ በአንድ ለቅማ ወደ አፏ ብትመልሰው እንኳ፣ እነሱ የሰሙትን ከነሱ ጆሮ የምታወጣበት መንገድ የለም።

«ቀጣዩ ስንት ሰዓት ነው?» አለች በመጨረሻ።

«አሥራ ሁለት።»

«ማን ያግዝሃል?»

«እናቴ አንድ ሰዓት ነው ከሥራ የምትገባው። አናጺው… ካለ አለ።» ትከሻውን ሰበቀ።

ደፉን ተሻግራ ወጣች። በሩን ሊዘጋው ሲል ያዝ አደረገው።

«ኮቴው» አለ። «የማን ነው?»

«አይታይም። ስክሪኑ ጨለማ ነው። ደረጃውን ይወጣል፣ ይወጣል፣ በሩ ጋ ሲደርስ ያበቃል።»

አሰበበት። በዚያ በዘገየ አስተሳሰቡ፣ ከዳር እስከ ዳር አሰበበት።

«አይነፋም» አለ። «የድሮው ይሻላል። የድሮው አይዋሽም።»

ሌላ ቀን ቢሆን እስኪመሽ ትከራከረው ነበር። በሩ ተዘጋ፤ ቁልፉም ዞረ።

አንድ ፎቅ ወረደች። የአናጺውን በር አንኳኳች፤ ማንም አልከፈተም። ኪሷ ውስጥ ስልኳ ነዘረ። ዶክተር ነው፦ «ዛሬ ታንኩ አለ?» ሁልጊዜ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የሚገናኙት፤ እንዳትረሳው ስልኳ ላይ ደወል ሞልታለታለች፤ ስሙም «ብረት ዝናብ» ነው።

«እኔ የለሁም» ብላ መለሰችለት። ለምን እንደሆነ አልጻፈችም። ከዚያ ደወሉን ከፈተችው። ሰዓቱን አልነካችውም፤ ስሙን ብቻ ፊደል በፊደል አጠፋችውና ባዶውን ተወችው።

ደወሉ ሲጮህ ላግ በሩን ይከፍትላት እንደሆነ አታውቅም። ተመልሳ ወጣች፤ ከበሩ ሦስት ደረጃ ዝቅ ብላ፣ ጉልበቷን አቅፋ ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ ተቀመጠች። አሥራ ሁለት ሊሞላ አንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት ደቂቃ ይቀረዋል።