የኖራ ፒከርስጊል ፈቃድ

ኖራ ፒከርስጊል ሃል ከተማ ባለው የረድኪን ልብስ ማጠቢያ ቤት፣ ከትልቁ የእንፋሎት መተኮሻ አጠገብ ሞታ የተገኘችው ሰኞ ማለዳ ነው። ያገኛት የሥራ ኃላፊው ዴሪክ ስተብስ ነበር። ኢንስፔክተር ቤሪል ኦከንደን ከሬሳው አጠገብ ተንበርክካ የሟቿን የሥራ ቆብ አስተዋለች። ቆቡ ፀጉሯን ሙሉ በሙሉ ሸፍኗል። የኋላ ራሷ በማሽኑ ብረት ተፈርክሷል፤ ቆቡ ግን ከውጭ አልተቀደደም፣ ጭረትም የለበትም። ስታነሳው የኖራን ፀጉር ደማቅ ቀይ ቀለም ተቀብቶ አገኘችው። መልሳ ሸፈነቻትና ማንም እንዳይገባ አዘዘች።

«አርብ ዕለት ተጣልታችኋል አሉ» አለችው ዴሪክን።

«ስለ ዕረፍት ፈቃድ ነው። ስካርብራ ከተማ ያለችው ልጇ ልትወልድ ደርሳለች፤ ፈቃድ ከነደሞዙ ስጡኝ አለች። የግማሽ ቀን ሠራተኛ ፈቃድ የለውም አልኳት። አለቃዬ እንደዚያ በል ብሎኛል።»

«ቆቡን ነክተኸዋል?»

«ኧረ እኔ አልነካሁም። እንዳደረገችው ነው ያገኘኋት።»

ባለቤቱ ክላይቭ ረድኪን ቢሮው ውስጥ ሻይ እየጠጣ ነበር።

«ወለሉ እርጥብ ነው፤ አንሸራቷት ይሆናል። እኔ ከአርብ ወዲህ አላየኋትም።»

«ፈቃድ ለምን ከለከሏት?»

«እነዚህን ሰዎች አያውቋቸውም። ግማሽ ቀን ሠርተው እንደ ሰው ማረፍ ያምራቸዋል። በዚያ ዕድሜዋ ፀጉሯን ቀይ ተቀብታ የምትዞር ሴት ለልጇ አስባ ይመስልዎታል?»

ቤሪል ከቢሮው ወጣች። የኖራ የሥራ ጓደኛ ግሌኒስ መግቢያው ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ጣቶቿ ቀልተዋል።

«ትናንት ቤቴ ፀጉሯን የቀባኋት እኔ ነኝ። ለልጅ ልጄ አሮጊት አያት እንዳልመስለው ብላ» አለች ግሌኒስ። «ከእኔ ጋር አድራ፣ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ረድኪንን ላናግረው ብላ ወጣች። ሕጉን ጠይቃ አውቃለች። ለሁላችንም ይገባናል፣ እምቢ ካለ እንከሰዋለን ብላኝ ነበር።»

ቤሪል ሁሉንም በቆሙት ማሽኖች መካከል ሰበሰበቻቸው።

«ኖራ ስትወድቅ ቆብ አላደረገችም። አድርጋ ቢሆን ኖሮ ቆቡም ከራሷ ጋር ይቀደድ ነበር። ሥራ ላይ ሳለች የወደቀች እንድትመስል ከሞተች በኋላ ነው የተደረገላት። ዴሪክ ሲያገኛት ፀጉሯ ተሸፍኗል። ከግሌኒስ በቀር ቀይ መሆኑን የሚያውቀው ዛሬ ጠዋት ባዶ ራሷን ያያት ብቻ ነው። አቶ ረድኪን፣ እርስዎ ከአርብ ወዲህ አላየኋትም አሉኝ፤ ፀጉሯን ግን ሰደቡት።»

ረድኪን ወደ ኋላ አፈገፈገ። «ለሁሉም እናገራለሁ አለችኝ። ገፋኋት፤ እንድትሞት አልፈለግኩም።»

«ሙሉ ቀን የሚሠራ ፈቃድ ካለው፣ ግማሽ ቀን የሚሠራም በሥራው ልክ አለው» አለች ቤሪል፤ ድምፅዋ በቁጣ ሻክሯል። «የእርስዎ ስጦታ አይደለም። ፈቃድ አላችሁ ብለው መንገርም፣ እንዲያርፉ ማድረግም ግዴታዎ ነበር። እርስዎ ግን የለም ብለው ዋሿቸው፤ እውነቱን ያወቀችውን ገደሉ።»

ፖሊሶች ረድኪንን ሲወስዱት ዴሪክ አንገቱን ደፋ። «እኔ አላወቅኩም ነበር።»

«ጠይቀህ ታውቃለህ?» አለችው ግሌኒስ። ሽርጧን ፈትታ ማሽኑ ላይ ወረወረችና ካፖርቷን አነሳች። የኖራን ልጅ ከፖሊስ በፊት ማግኘት ፈልጋለች።

«የት ልትሄጂ ነው?» አላት ዴሪክ እንደ ልማዱ።

«ስካርብራ። ፈቃድ ላይ ነኝ» አለችውና በሩን ከፍታ ወጣች።