የመምህሩ ማስመሪያ

አናጺው ማን እንደ ሰደበው፣ በየትኛው ቀንና በስንት ሰዓት እንደ ተሰደበ አንድም ጊዜ አልረሳም፤ የሰደቡት መምህሩ ነበሩ፤ ጦርነቱ ሊጀመር ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ ሰኞ ጧት፣ ሁለተኛው ደወል እንደ ተደወለ። ያን ጊዜ ዕድሜው አሥራ ሦስት ነበር። መምህሩ በረጅሙ የእንጨት ማስመሪያ ሰሌዳው ላይ ሲያሰምሩ፣ እሱ የአናጺ ልጅ ነውና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየና፣

«መምህር፣ ማስመሪያዎ ጎብጧል» አለ።

«የኔን ማስመሪያ ከማቃናትህ በፊት የራስህን ጭንቅላት አቅና፤ አንተ ድንጋይ!»

ሳቁ ጣራ ነካ። ደብተሩን ሰብስቦ ወጣ፤ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ስሙ «አቃኚው» ሆነ፤ ሰዉ ከሙያው የወጣ የክብር ስም ይመስለዋል፤ እሱን ግን በተጠራ ቁጥር ያች ሰኞ ትለበልበዋለች።

ጦርነቱ መጣ፤ ትምህርት ቤቱ የቁስለኛ ማደሪያ ሆነ፤ መምህሩ እህል መጋዘን ውስጥ ልጆቹን ጆንያ ላይ አስቀምጠው አስተማሩ፤ አምስት የራሳቸውንም አሳደጉ። አናጺው ለሠራዊቱ የጥይት ሣጥን ሲሠራ ኖረ። ሰላም ሲወርድ ጎረቤት ሆኑ፤ መምህሩ በመንገድ ሲያገኙት ባርኔጣቸውን ያነሣሉ፤ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

መምህሩ በሞቱ በወሩ የቀድሞ ተማሪዎች ሳሎናቸው ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ትልቋ ልጃቸው የአባቷን የሕይወት ታሪክ ልታሳትም የያንዳንዱን ቃል ትጽፍ ነበር። አናጺውም የመጣው ያችን ሰኞ ከነስድቧ ሊያስጽፍ ነው፤ የሚለውን ሳምንት ሙሉ አጥንቷል።

«እኔን በቁንጥጫ ነው ያቀኑኝ!» አለ ጡረታ የወጣው ፖስተኛ።

«እኔንም ሃምሳ ዓመት ሊያቃኑኝ ደክመው፣ በመጨረሻ የጎበጡት እሳቸው!» አሉ የመምህሩ ባልቴት፤ ቤቱ ሳቀ።

አናጺው አልሳቀም። ማስመሪያው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ተነሥቶ አወረደውና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ጠርዙን አየ። ቀጥ ብሏል። መላጊያ አልፎበታል፤ ያውም የባለሙያ እጅ አይደለም፤ ሁለት ቦታ ላይ ዘሏል።

«ራሳቸው ናቸው የላጉት» አለች ልጅቱ፤ «መላጊያ ተውሰው። ጣታቸውን ቆርጠው እማማ ስትቆጣቸው፣ ‹አንድ ተማሪ ጎብጧል ብሎኝ ነበር፤ እውነቱን ነው› አሉ። በያመቱ ለአዲስ ተማሪ ሁሉ ይህን ይናገሩ ነበር፤ ማን እንደ ሆነ ግን አንድ ቀን አልነገሩንም።»

ለሁሉ ተናግረዋል፤ ደጃፉ መቶ እርምጃ እንኳ ለማይርቀው ለእሱ ሲቀር። ወይስ ያ የባርኔጣ ማንሣት ሊናገሩ የፈለጉት ነበር? አርባ አንድ ዓመት የያዘውን ቃል ዋጠው።

«ጋሼ አቃኚው፣ እርስዎ ያን ጊዜ እዚያ ክፍል አልነበሩም? ተማሪው ማን ነበር?» ብላ ብዕሯን አነሣች።

የታተመችው መጽሐፍ ዛሬም አለች፤ «ስሙ ያልታወቀ አንድ ተማሪ» ትላለች፤ ስድቡን አታውቅም። ታሪክ የሚይዘው የተነገረውን ነው፤ የተዋጠው ከዋጠው ሰው ጋር ያልፋል።

አናጺው ማስመሪያውን ሚስማሩ ላይ መለሰው፤ ጥቂት ዘመም ብሎ ነበርና በአውራ ጣቱ አቃናው፤ መምህሩ ያደርጉት እንደ ነበረው ባርኔጣውን ለማስመሪያው አንሥቶ ወጣ።