ከማዶ የመለሰው መስታወት

የብርጓል የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ ጎጃም ውስጥ፣ ከደምበጫ በላይ ካለ ኮረብታ ሥር ነበር። አባቷ ስለሞተ ከእናቷ ከወይዘሮ ሥራነሽ ጋር ትኖር ነበር።

ዓይኗ መርፌ ነው። የጠፋች ዶሮ የምታገኘው እሷ፤ የጎረቤት ጥጃ ማነከሱን ከባለቤቱ ቀድማ የምታየው እሷ። ይህ መልካም ነው። ግን ያየችውን ስትናገር አንድ ነገር ካልጨመረችበት ምላሷን ይበላታል። አንድ ጅብ ካየች ሦስት ጅብ ነው። ከሦስቱም አንዱ ነጭ ነው።

«ነጭ ጅብ?» ትላለች እናቷ።

«ነጭ ባይሆንም፣ ነጣ ያለ።»

«ልጄ፣ እኔ አንቺን የምሰማሽ ግማሹን ቀንሼ ነው።»

የብርጓል ይህን ስላወቀች እናቷ ከምትቀንሰው አብልጣ መጨመር ጀመረች። ልጆች፣ ትስቃላችሁ! ባለፈው እሑድ ከሰንበት ትምህርት የቀራችሁበትን ምክንያት ስትነግሩኝ እኔም ቀንሼ እንደሰማኋችሁ ግን አላወቃችሁም።

ጊዜው ጥር 1933 ዓመተ ምሕረት ነበር። ጣሊያን ደምበጫ ላይ ምሽግ ይዟል። አርበኞች በየኮረብታው ናቸው። አንድ ቀን አውሮፕላን መጣና የመንደሩን የጤፍ ክምር አቃጠለ። በሬዎችም ገደለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መንደሩ ታመመ። «አውሮፕላኑ ክምራችንን በምን አወቀ? ማን ጠቆመው?» ይባባላሉ። ደምበጫ ገበያ የወረደ ሰው «ከማን ጋር ተነጋገረ?» ይባላል። ያልወረደውም «ምነው ፈራ?» ይባላል። ለቅሶ ላይ ብዙ ያለቀሰ ተጠረጠረ። ያላለቀሰም ተጠረጠረ። ሴቶች እሳት መጫጫር ተዉ። ቤተ ክርስቲያን ቆመው እየጸለዩ እንኳ በጎን ይተያያሉ።

በዚህ መካከል አቶ ወልደ ሩፋኤል የሚባል ሰው መጣ። ጣሊያን ሲገባ ሱዳን ተሰዶ፣ እዚያ እንግሊዝኛ ተምሮ፣ አሁን ለእንግሊዞች ቱርጁማን፣ ማለትም አስተርጓሚ፣ ሆኖ የተመለሰ ነው። እንግሊዞቹ እስኪደርሱ ድረስ ከአርበኞቹ አለቃ ከቀኛዝማች አለበል ዘንድ አረፈ። አርበኞቹ ጠላት ሳይወጣ ፀጉራችንን አንነካም ብለው ተስለው ነበርና እሱም እንደነሱ ፀጉሩን አሳድጓል።

ሰዉ ግን አልወደደውም። «እኛ ስናልቅ ሱዳን ተቀምጦ ስኳር ሲልስ የነበረ» ይሉታል። ይባስ ብሎ ጠዋት ጠዋት ብቻውን ከቁልቋሉ በስተኋላ ወዳለው ቋጥኝ ይሄዳል። ምን ሊያደርግ?

አንድ ጠዋት የብርጓል ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ አየችው። እንስራዋን አስቀምጣ በቀስታ ተከተለችው። ከሩቅ ጀርባው ይታያታል። እጁ ወደ ራሱ ይወጣል፣ ይወርዳል። ከፊቱ አንድ ነገር ብልጭ አለ። እንደገና ብልጭ አለ። መስታወት ነው!

ያየችው ይኸው ነው። ልብ በሉ፤ ይኸው ብቻ ነው።

እየሮጠች ቤት ገባች። «እማዬ! ቱርጁማኑ በመስታወት ለጣሊያን ምልክት ይሰጣል!»

እናቷ ጥጥ ትፈለቅቅ ነበር። «አየሽ ወይስ መሰለሽ?»

«አየሁ! ብልጭ፣ ብልጭ!»

«እንግዲህ ግማሹን ስቀንሰው...»

የብርጓል ተናደደች። ዛሬ እውነት ይዛ መጥታ ሊቀነስባት! «ከማዶም መለሱለት!» አለች። «ከምሽጉ! እነሱም ብልጭ፣ ብልጭ አሉለት!»

ጥጡ ከእናቷ እጅ ወደቀ። ይህ ነገር ግማሹ ቢቀነስም ሰው የሚያስገድል ነበር።

ወዲያው ቀኛዝማች አለበል ዘንድ ሄዱ። አቶ ወልደ ሩፋኤል ተጠርቶ ተፈተሸ። ከኪሱ ትንሽ ክብ መስታወት ወጣች።

«ምን ታደርግባታለህ?» አሉት ቀኛዝማች።

መስታወቷን አይቶ አንገቱን ደፋ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ተናገር እንጂ! ምላስህን ሱዳን ረሳኸው?»

«የምናገረው የለኝም።»

«ይሰቀል!» አለ አንዱ። «ገመዱ ከኔ!» አለ ሌላው። ያ ሰው ገመድ ሲሰጥ ያን ዕለት የመጀመሪያው ነው፤ ንፉግ ነበር።

ቀኛዝማች እጃቸውን አነሱ። «ያለ ሸንጎ ነፍስ አይጠፋም። ሽማግሌዎች ከሰዓት በኋላ ይቀመጣሉ። እስከዚያ ከሳሽና ተከሳሽ ቁራኛ ይሁኑ።»

ቁራኛ የዱሮ ሕግ ነው። አንዳቸውም እንዳያመልጡ የከሳሽና የተከሳሽ ልብስ አንድ ላይ ይቋጠራል።

«ጌታዬ፣ ልጅ እኮ ናት!» አለች ወይዘሮ ሥራነሽ።

«የሰው ነፍስ ይዛለች፤ እሷም ትያዝ።»

የነጠላዋ ጫፍ ከኩታው ጫፍ ጋር ተቋጠረ። ከብሳናው ጥላ ሥር ተቀመጡ። ጠመንጃ የያዘ ዘብ ራቅ ብሎ ቆመ። የብርጓል ቋጠሮው በፈቀደላት መጠን ሸሸት አለች።

«አንተ፣ እንዳትነካኝ!»

«ባንዳም ብሆን ታላቅሽ ነኝ፤ አንተ አትበይኝ» አለ አቶ ወልደ ሩፋኤል።

የብርጓል ፊቷን አዞረች። ግን ያ መርፌ ዓይን ሥራ አይፈታም። ከአንገቱ ክር ላይ ወረንጦ ተንጠልጥሏል። ወረንጦ ሁሉም ይይዛል፤ እሾህ ይነቅሉበታል። የዚህ ሰውዬ ወረንጦ ጫፍ ላይ ግን አንዲት ነጭ ፀጉር ተጣብቃለች። ወደ ጆሮ ግንዱ ቀና ብላ አየች። ቆዳው ቀልቷል። ፀጉሩ ተነቃቅሏል።

«እርስዎ... ሽበት ነው የሚነቅሉት!»

«ቀስ በይ!» አለና ዘቡን በፍርሃት አየ። «ባለቤቴን ጉንደ ወይን ትቻት ስሄድ ፀጉሬ ከሰል ነበር። ስደት አሸበተኝ። ሽማግሌ ሆኜ እንድታየኝ አልፈለግሁም።»

«ታዲያ ለምን አይናገሩም? ሊሰቅሉዎ ነው እኮ!»

«እነዚህ ሰዎች አምስት ዓመት ሙሉ ማበጠሪያ አልነኩም። እኔ በመስታወት ስኳኳል ነበር ልበላቸው? ሳቃቸው ከገመዱ ይብስብኛል።»

የብርጓል ያችን ነጭ ፀጉር ደግማ አየች። ሰው ለእንዲህ ያለ ነገር ይሞታል?

«እንግሊዞች ለዚህ አንድ ቃል አላቸው» አለ። «ፎይብል ይሉታል። አለቃዬ ሰይፉን መዝዞ አሳየኝ። ከእጀታው እስከ መካከሉ ያለው ብርቱ ነው፤ ከመካከሉ እስከ ጫፉ ያለው ደካማ ነው። ያ ደካማው ወገን ፎይብል ነው። ኋላ ቃሉን ከሰይፍ ወደ ሰው አመጡትና የሰውን ትንሽ እንከን ይጠሩበት ጀመር። መልካም ሰይፍም አለበት። ስላለበት አይጣልም። ግን ከባድ ምት በዚያ በደካማው ጫፍ ከመከትሽ ሰይፉ ከእጅሽ ይወጣል።»

«ቃሉን ከየት አመጡት?»

«ከፈረንሳዮች፤ በነሱ ደካማ ማለት ነው። ፈረንሳዮችም ከጥንቱ የሮማ ቋንቋ፣ ከሮማይስጥ ነው ያገኙት። እዚያ ደግሞ ሊለቀስለት የሚገባ ማለት ነው አለኝ።»

«ማን ነው የሚያለቅስለት?»

«ባለቤቱ ካወቀው ባለቤቱ። ካላወቀው ሌላ ሰው።» ወደ እሷ ዞረ። «የኔን አየሽ። ያንቺስ?»

«እኔ የለኝም።»

«እንግዲያስ ከማዶ የመለሰልኝ ማን ነው?»

የብርጓል የነጠላዋን ቋጠሮ አየች። ሰውዬው አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። በሐሰት የከሰሰ የተከሳሹን ቅጣት እንደሚቀበል ታውቃለች። እናቷም ከእንግዲህ ግማሹንም አታምናትም።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። መንደሩ ተሰበሰበ። ሁሉም ሰውዬውን በክፉ ዓይን ያያል።

«ልጄ፣ ያየሽውን ተናገሪ» አሉ ቀኛዝማች።

የብርጓል ከነቋጠሮው ብድግ አለች። «መስታወት ሁለት ጊዜ ብልጭ ሲል አየሁ። ከማዶ የመለሰ ግን የለም። እሱን እኔ ነኝ የጨመርሁት።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። እናቷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«መስታወቱስ ለምን ነበር?» አሉ ቀኛዝማች።

ታውቃለች። አፏ ጫፍ ላይ ደርሷል። ግን ምሥጢሩ የሷ አይደለም። «እሱን እሳቸው ይናገሩ። እኔ ከእንግዲህ አልጨምርም።»

አቶ ወልደ ሩፋኤል ልጅቱን አየ። ከዚያ ወረንጦውን አወጣ። «ሽበቴን ስነቅል ነበር» አለ።

ሰዉ ሁሉ ወረንጦውን አየ። ቀጥሎ አንዱ ሳቀ። ሁሉም ሳቀ። ቀኛዝማች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ለአንድ ጭብጥ ሽበት ልትሰቀል? አምጣት እስቲ!» ብለው መስታወቷን ተቀበሉና ራሳቸውን አዩ። ሳቃቸው ቆመ። «ውሰድልኝ!» አሉ።

ቋጠሮው ተፈታ። ባለ ገመዱ ግን «ሽበት ይሁን ሌላ ማን ያውቃል?» እያለ ገመዱን ጠቅልሎ ሄደ።

ቀኛዝማች ወደ የብርጓል ዞሩ። «ቃልሽን ባትመልሺ ኖሮ የሱ ዕዳ ያንቺ ነበር። አሁን ቃልሽ በደረሰበት ደጅ ሁሉ ሄደሽ መልሺው።»

ከእናቷ ጋር ወጡ። መጀመሪያ ሸንጎው ላይ ካልነበሩት ከወይዘሮ ደብሪቱ ደጅ ደረሱ።

«ምሽጉ በመድፍ መለሰለት አሉ!» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ።

«መድፍ አልነበረም። መስታወትም አልመለሰም። ዋሽቼ ነው።»

«አይ ልጄ፣ አስፈራርተውሽ ነው!» ብለው በሩን ዘጉት።

በሌላው ደጅ መድፉ ላይ አውሮፕላን ተጨምሮ ጠበቃት። የብርጓል ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ባለቤቱ ካወቀው ባለቤቱ ያለቅስለታል፤ አሁን ገባት። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ወደሚቀጥለው ደጅ ሄደች።

በመጋቢት መጨረሻ ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ለቆ ወጣ። አቶ ወልደ ሩፋኤል ወደ ጉንደ ወይን ሲሄድ በመንደሩ አለፈ። ፀጉሩ ጥቁርና ነጭ ሆኖ፣ ሳይነቀል፣ ነፋስ ይጫወትበት ነበር።

በዚያው ሳምንት የብርጓል ወደ ቤት ሮጣ ገባች። «እማዬ፣ ጅብ!»

«ስንት?»

«አንድ። እሱንም ጭራውን ብቻ ነው ያየሁት።»

ወይዘሮ ሥራነሽ ምንም ሳትቀንስ ብድግ ብላ ዱላዋን አነሣች።

ልጆች፣ እንከን የሌለበት ሰው የለም፤ የራሱን እንከን የማያውቅ ግን በእንከኑ ሌላውን ሰው ይጎዳል።